ከቁጥር ያልገባው ሰውዬ

ሰሞኑን አንጀቴን የሚያሳርረኝ አንድ ዓይነት ሰው አለ። የሕዝብ ቆጠራ ቅስቀሳ ስብሰባ ላይ ፊት ወንበር ይይዛል። «ሙሉ የኅብረተሰብ ተሳትፎ» በተባለ ቁጥር ያጨበጭባል። የተሰብሳቢዎች ስም ዝርዝር ላይ እንደ ሚኒስትር ተንጠራርቶ ይፈርማል። በሳምንቱ ቆጣሪዋ በሩን ስታንኳኳ መጋረጃውን ይስባል። ጎረቤት ሲጠይቀው መልሱ የተዘጋጀ ነው፦ «እኔ እኮ ስብሰባው ላይ ተቆጥሬያለሁ!»

መቆጠሩንስ ተቆጥሯል። የተቆጠረው ግን ወንበሩ ነው።

የሚገርመው ይኸው ሰውዬ ሠርግ ሳይጠራ ሲቀር ሆድ የሚብሰው «ከቁጥር አላስገቡኝም» ብሎ ነው። በእኛ ቋንቋ ከስድብ የሚከፋው ይኼ ነው። የተሰደበ ይታረቃል፤ ከቁጥር ያልገባ ቂሙን ለልጅ ያወርሳል። እንግዲህ አንዲት ወጣት ጫማዋ አቧራ ለብሶ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ «ከቁጥር ላስገባዎ ነው የመጣሁት» ስትለው በር ይዘጋባታል።

ቂም ካልን የእኔም የቆየ ቂም አለኝ። «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ» ብሎ የሚነሳ ተሰብሳቢ ታውቃላችሁ። አስተያየቱ ሁልጊዜ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎ ይጀምራል። ተረቱን እወደዋለሁ፤ ጠቤ ከሎሚ አከፋፋዩ ጋር ነው። ሃምሳውን ሎሚ አድሎ ሲጨርስ ሰዓቱ ያልቃል፣ ስብሰባው ይበተናል። ቆጠራው ስለየትኛዋ ሌሊት እንደሚጠይቅ፣ የቤተሰብ አባል ማን እንደሆነ፣ መልሱን ማን እንደሚያየው ሳይነገር ሁሉም ወደቤቱ ይሄዳል።

ሌሊቷን ላስረዳ። ቆጣሪዋ ማክሰኞ ትምጣ ቅዳሜ፣ በብዙ አገር የምትጠይቀው ስለ አንዲት የተወሰነች ሌሊት ነው። ከዚያች እኩለ ሌሊት በፊት የተወለደ ይቆጠራል፤ ከደቂቃ በኋላ የመጣው የሚቀጥለውን ቆጠራ ይጠብቃል፤ ያውም ብዙ ጊዜ ዐሥር ዓመት ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያረፈ ሰው ደግሞ ቤቱን ለቀስተኛ ቢሞላውም በሕይወት እንዳለ ይመዘገባል። ጭካኔ ይመስላል። መስመሩ ካልተሰመረ ግን ሐሙስ የተጓዘ ሰው ረቡዕ እዚህ፣ ዓርብ እዚያ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል።

«ቤተሰብ» የሚለው ቃልም ጣጣ አለው። በቆጠራ አነጋገር ቤተሰብ ማለት ዘመድ አይደለም፤ አብሮ የሚኖርና ከአንድ ድስት የሚበላ ነው። ስለዚህ አግብታ ሌላ ከተማ የምትኖረው ልጅ አትገባም፤ ድስቱን የምትጥደው ሠራተኛ ትገባለች። አባወራው የሚያስመዘግበው ተገላቢጦሹን ነው። የሦስት ልጆች እናት የሆኑ አያትማ የባሰ ነው። ሦስቱም ቤት «ከእኛ ጋር ናቸው» ከተባለ ሦስት ሰው ይሆናሉ፤ ሦስቱም «እዚያኛው ቤት ሳይቆጠሩ አይቀሩም» ካሉ ዜሮ። አንድ የመሆን ዕድላቸው ጠባብ ነው። አራስ ልጅ ደግሞ «ገና ስም አልወጣለትም» ተብሎ ይዘለላል። ስም የሌለውም ይቆጠራል! ዛሬ የተዘለለው ሕፃን ለክትባት ሲታቀድ የለም፤ ከስድስትና ከሰባት ዓመት በኋላ ግን ቦርሳውን አንግቦ ከች ይላል። ክፍሉ ጠበበ ብሎ ቀድሞ የሚጮኸውም ያው አባት ነው።

ወደ ሎሚው ልመለስና፣ ለምን ሃምሳ ሆነ? አርባ ሰባት ሎሚ ሸክም አይሆንም? ምላስ ድፍን ቁጥር ስለሚወድ ነው። ዕድሜ ሲጠየቅም ያው ነው፦ «ሃምሳ ገደማ ብለሽ ጻፊ።» ውጤቱ ሥዕል ላይ ሲወጣ 40 ላይ ተራራ፣ 39 እና 41 ላይ ገደል ይታያል። ባለሙያዎቹ ለዚህ የዊፕል መለኪያ የሚባል አላቸው። ከ23 እስከ 62 ባሉት ዕድሜዎች ላይ ይሰላል፤ 100 ከሆነ ሰው ለድፍን ቁጥር አላደላም፣ 500 ከሆነ ሁሉም ዕድሜውን በዜሮ ወይም በአምስት ጨርሷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ከቆጣሪዋ በፊት የቤቱን ሰው ሁሉ ስምና የልደት ዓመት በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ዓመቱ የማይታወቅ ከሆነ «ያ ትልቁ ጎርፍ ሲመጣ ተወልደው ነበር? ከጎረቤትዎ ይበልጣሉ ወይስ ያንሳሉ?» እያሉ ማቀራረብ ይቻላል። ገምቶ ሃምሳ ማለት ግን ሎሚ ማደል ነው።

«ቆጠራ መዓት ያመጣል» የሚሉም አሉ፤ ሕዝቡን አስቆጥሮ ቸነፈር የመጣበትን ንጉሥ ዳዊትን ይጠቅሳሉ። ከጠቀሱ አይቀር እስከ መጨረሻው ያንብቡት። የጦር አለቃው ኢዮአብ 9 ወር ከ20 ቀን ዞሮ ያመጣው በመጽሐፈ ሳሙኤል 800,000 የእስራኤልና 500,000 የይሁዳ ሰው ነው፤ በዜና መዋዕል ደግሞ 1,100,000 እና 470,000። ሌዊንና ብንያምን ጭራሽ አልቆጠረም፤ የንጉሡን ትእዛዝ ጠልቶት ነበርና። ያም ቢሆን የተቆጠረው ሰይፍ የሚመዝ ወንድ ብቻ ነው። የዛሬው ቆጠራ አልጋ ላይ የዋለ፣ ጡት የሚጠባ፣ በረንዳ የሚያድር ሁሉ ይገባበታል።

«ለግብር ነው» ባዮችን ግን ሙሉ በሙሉ አልስቅባቸውም። ሕዝብ የሚፈራበት ጊዜ አለ፤ ሆላንድ እ.ኤ.አ. ከ1971 ወዲህ ቤት ለቤት ቆጠራ ያላካሄደችበት አንዱ ምክንያት የሕዝቡ እምቢታ ነው። ስለዚህ ቀስቃሹ ማስፈራራቱን ትቶ የሚወጣው ሠንጠረዥ ስም እንደሌለው፣ ቆጣሪዋ የሰማችውን ብታወራ በሕግ እንደምትጠየቅ በግልጽ ይንገር። ስለ ጣሪያና ስለ ሽንት ቤት ለምን እንደምትጠይቅም ያስረዳ። አልነገርነውም፤ ሎሚ ስናድል።

ለመደበቅ በቂ ምክንያት የነበራት ሴት ካስፈለገች እንግሊዛዊቷ ኤሚሊ ዴቪሰን አለች። የመምረጥ መብት የተነፈጋቸው ሴቶች «ካልመረጥን አንቆጠርም» ሲሉ እሷ በእ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2 ቀን 1911 የቆጠራ ሌሊት ፓርላማው ሕንፃ ውስጥ የመጥረጊያ ማስቀመጫ ቁም ሣጥን ገብታ አደረች። ተገኘችና በዚያው ሕንፃ አድራሻ ተመዘገበች። ያከራየቻት ሴትም በበኩሏ ቤቷ አስመዝግባታለች። እምቢ ያለችው ሁለት ጊዜ ተቆጠረች፤ ያጨበጨበው የእኛ ሰው አንዴም አልተቆጠረ።

ተሳትፎ የሚባለው እንግዲህ ሥራ ነው። የቆጣሪዋ ካርታ ወሰኑ መንገድ ወይም ወንዝ ነው፤ ወሰኑ ላይ ያለ ቤት ሁለት ቆጣሪ ይመጣበታል ወይም አንድም አይመጣበትም። ካርታው ከጓሮ ያለችውን ክፍል፣ ያላለቀው ፎቅ ውስጥ የሚያድረውን ዘበኛ፣ ከጋራዡ በላይ የተከራየውን ተማሪ አያውቃቸውም። የሚያውቃቸው የሰፈር ሰው ነው። እሱ አብሯት ይዙር፣ ውሻ ያላችሁ እሰሩ፣ ቀን የማትገኙ የምትገኙበትን ሰዓት ጎረቤት ጋ ተዉላት።

ሰውዬውን ረሳሁት። ቆጣሪዋ ግን አልረሳችውም፤ ለሦስተኛ ጊዜ በሩ ላይ ቆማለች። መጋረጃው ሲንቀሳቀስ አይታዋለች።