ፊቷን ሸፍኑላት

ወገኖቼ፣ ስልካችሁን አስቀምጡ ልላችሁ ነበር፤ ግን ይህንንም የምታነቡት በሱው ነው። ስለዚህ ጣታችሁን ብቻ ሰብሰብ አድርጉልኝ። አንድ ተዋናይ ታመመ ሲባል አልጋው ድረስ ካሜራ ይዛችሁ የምትገቡ፣ ሞተ ሲባል ደግሞ የሬሳውን ፊት «ነፍስ ይማር» ብላችሁ የምትለጥፉ፣ ተግሳጹ ለእናንተ ነው። ለእኔም ነው። እኔም አንድ ጊዜ ሼር አድርጌ ያፈርኩት ሁለት ቀን ቆይቼ ነው።

ስለ አንዲት የፈረንሳይ ተዋናይት ልንገራችሁ። ራሼል ትባላለች። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።) በ1821 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ መንገደኛ በሚያድርበት ቤት ተወለደች። ወላጆቿ ሸቀጥ ይዘው ከአገር አገር የሚዞሩ ድሃ አይሁዶች ነበሩ። ሊዮን ከተማ ሲደርሱ እሷና እህቷ ጎዳና ላይ እየዘፈኑ ሳንቲም ይለቅሙ ነበር። ያኔ ፊቷን ለማየት የተጋፋ ሰው አልነበረም።

ጁን 12 ቀን 1838 ኮሜዲ ፍራንሴዝ በሚባለው የፓሪስ ቲያትር ቤት መድረክ ላይ ወጣች። ገና 17 ዓመቷ ነው። ኮርኔይ የተባለ ደራሲ በጻፈው «ኦራስ» ተውኔት ላይ ካሚይን ሆና ነበር የተወነችው፤ ወንድሟ እጮኛዋን ገድሎባት፣ ሮምን ረግማ በዚያው ወንድሟ ሰይፍ የምትሞተውን ልጅ። አዳራሹ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የፓሪስ ባለጸጋ ሙቀቱን ሸሽቶ ገጠር ወርዷል። ደግሞስ እንደ ኮርኔይና ራሲን ያሉ የድሮ ደራሲዎች የግጥም ተውኔት አሮጌ ነገር ነው፣ ሞቷል ይባል ነበር። ዘመኑ የጩኸትና የለቅሶ ድራማ ነው።

ይቺ ቀጭን ልጅ ግን አልጮኸችም። ቆማ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ተናገረችው። ሲበዛ ቁጥብ ነበረች፤ ቁጣው ሲመጣ ሰውን ያስደነገጠውም ለዚህ ይመስለኛል። ዡል ዣናን የተባለ ዝነኛ ተቺ አወደሳት። ባዶ የነበረው አዳራሽ በዚያው ዓመት ቲኬት የማይገኝበት ሆነ። በ1843 የራሲንን «ፌድር» ስትጫወት፣ የእንጀራ ልጇን አፍቅራ በሐፍረት የምትቃጠለውን ንግሥት ሆና፣ የሚወዳደራት ጠፋ። በ1848 ንጉሡ ሲባረር ባንዲራ ይዛ የፈረንሳይን የአብዮት መዝሙር፣ ማርሴዬዝን አሰማች። ፓሪስ «የኛ» አለቻት።

«የኛ» የሚለው ቃል ያስፈራኛል። እናንተም ትወዱታላችሁ።

በ1855 ሪስቶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ተዋናይት ፓሪስ መጣች። ያው ጨብጫቢ ዞሮ ለእሷ አጨበጨበ። ራሼል አኩርፋ ይሁን ገንዘብ ፈልጋ፣ ምናልባት ሁለቱም፣ አሜሪካ ሄደች። ኒውዮርክ ላይ ፈረንሳይኛ የማይሰማው ተመልካች ትርጉሙን ከመጽሐፍ ይከታተል ነበር፤ ሁሉም ገጹን ባንዴ ሲገልጥ መድረኩ ድረስ ይሰማል። ብርዱ ደረቷን ጎዳው። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ቻርለስተን ውስጥ ለመጨረሻ ጊዜ ተወነች። ለሞቃት አየር ብላ ግብፅ ሄዳ ነበር፤ አልዳነችም። ጃንዋሪ 3 ቀን 1858 በደቡብ ፈረንሳይ፣ ለ ካኔ በሚባል ቦታ፣ በ36 ዓመቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። እህቷ ለቤተሰብ ማስታወሻ እንዲሆን ሬሳዋን አልጋው ላይ ፎቶ አስነሳች። ለማንም እንዳይሰጥ ተነጋግረው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ያንን ፎቶ የሚመስል ሥዕል ለገበያ ወጣ። የሣለችው ማዳም ኦኮኔል ነበረች። እህትየው ፍርድ ቤት ሄደች። የፓሪስ ዳኞች በዚያው ዓመት ጁን ላይ ፈረዱ፦ ሟቹ የቱንም ያህል ዝነኛ ቢሆን፣ ያለ ቤተሰቡ ፈቃድ የሞት አልጋ ላይ ያለ ፊቱን ለሕዝብ ማውጣት አይቻልም። ሥዕሉና ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ታዘዘ። ሕግ የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ፍርድ እስከ ዛሬ ያነሱታል።

አስቡት። ይቺ ሴት መድረክ ላይ ስንት ጊዜ ሞታለች! በሰይፍ ሞታለች፣ በመርዝ ሞታለች። ያንን ሞት ተለማምዳ፣ ለባለ ቲኬቱ ሰጥታዋለች። የለ ካኔው ሞት ግን የራሷ ገመና ነው። በየትኛው ቲኬት ነው የምናየው?

«አድናቂ ስለሆንን ነው» አትበሉኝ። የኦኮኔልን ሥዕል ሊገዛ የቋመጠውም አድናቂ ነበር። «ለሕክምና ገንዘብ ለማሰባሰብ ነው» የሚለውንም አውቀዋለሁ። እሺ፣ ታማሚውን ጠይቁት። ጤነኛ ሳለ የተነሳው ፎቶና የባንክ ቁጥሩ አይበቃም? ቱቦ አፍንጫው ላይ ካላየን እጃችን ኪሳችን አይገባም ማለት ነው? እናንተ ሰዎች፣ በኛ አገር እኮ ገናዥ በሩን ዘግቶ ነው የሚገንዘው። ጎረቤት ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ምን ያስቸኩለዋል?

እኔ ያን ቀን ያጋራሁትን ፎቶ አጥፍቼዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ «አይተኸዋል?» ብሎ መልሶ ላከልኝ።