እሱ ያካፍላል፣ እኔ አባዛለሁ

የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጣ። ለእናቴ ምን ስጦታ ቢይዝላት ጥሩ ነው? የይርጋ ጨፌ ቡና! የእኛው ቡና ውቅያኖስ ተሻግሮ፣ እዚያ ተቆልቶ፣ በሚያምር ከረጢት ታሽጎ በሻንጣ ተመለሰ። እናቴ ለማፍላት ሳሳችለት። ቡፌው ላይ፣ ከሠርጓ ፎቶ አጠገብ አስቀምጣዋለች። እንግዳ ሲመጣ "ኤክስፖርት ነው" ትላለች።

በማግስቱ ፒያሳ፣ አዲስ የተከፈተ ካፌ ቀጠረኝ። በሩ ላይ "ድሃ መግባት ክልክል ነው" አይልም። ለዚህ ጥበቃው አለ። ጫማዬን አየ፤ ከዚያ ቀስ እያለ ወደ ፊቴ ወጣ።

"ጋሼ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

"ማኪያቶ።"

አልሳቀም። የአክስቴ ልጅ በቁምጣና በነጠላ ጫማ ከኋላዬ ሲደርስ ግን በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ። እኔ ኮት ለብሼ፣ እሱ በቁምጣ! ለካ ቁምጣም ምንዛሪ አለው።

ሂሳብ መጣ፤ 900 ብር። ስልኩን ነካ ነካ አደረገና "ሰባት ዶላር እንኳን አይሞላም! አገራችሁ እንዴት ርካሽ ናት!" አለ። "አገራችሁ" የምትለዋን ልብ በሉልኝ። የነጠላ ጫማውን ዋጋ ጠየቅኩት። "አርባ ዶላር ብቻ፣ በቅናሽ።" ተራዬ ደረሰና አባዛሁ። የወር ደመወዜን ግማሽ አልፎ ሄደ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ወደ 74 ብር ዘለለ። በአንድ ቀን! ዛሬማ መቶውን ካለፈ ቆየ። ያን ቀን እሱ ቨርጂኒያ ተኝቶ ከበረ፣ እኔ አራት ኪሎ ተኝቼ ደኸየሁ። ሁለታችንም ጣታችንን አላነሳንም።

ስሙን ላጠፋ አይደለም። እዚያ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። የእናቴን መድኃኒት የሚገዛው እሱ ነው። የፋሲካ በጋችን ራሱ ዶላር ዶላር ይሸታል።

ከካፌው ስንወጣ "እውነተኛ ቡና" አማረው። አራት ኪሎ፣ ጠዋት ጠዋት ወደምጠጣባት የጀበና ቡና ወሰድኩት። በርጩማው ላይ ቁጢጥ ብሎ ጀበናውን አነሳ፤ በፎቶ ማለቴ ነው። ዕጣኑንም፣ ሲኒውንም፣ ልጅቷንም አነሳ። 200 ብር ሰጣትና "መልሱን ያዢው" አላት። መንገዱን እስክንሻገር ምርቃቷ ይከተለን ነበር።

በነጋታው ብቻዬን ሄድኩ። ከበርጩማዎቹ መሃል ትራስ የተነጠፈበት አዲስ የፕላስቲክ ወንበር ቆሟል። ልቀመጥ ጎንበስ አልኩ።

"ውይ ጋሼ፣ እሱ ለእንግዳ ነው!"

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲኒዬን አቀበለችኝና በትከሻዬ ላይ አሻግራ መንገዱን አየች።

"ወንድምዎ ዛሬ አይመጡም እንዴ?"