ውዳሴ መቀስ

የአሜሪካ ሬዲዮ ጣቢያዎች ውለታ ተቆጥሮ አያልቅም። ከሁሉ የሚልቀው ግን በዘፈን መሃል ያለች አንዲት የብልግና ቃል ማንም ልብ ሳይላት ሾልካ እንዳታልፍ የሚያደርጉት ጥንቃቄ ነው። ዘፋኙ አጣድፎ ተናግሯት፣ ከበሮው ውጧት፣ አድማጩም ስለ አስቤዛው እያሰላሰለ ሳይሰማት ሊያልፍ ይችል ነበር። ጣቢያው ግን እንዲህ ያለ ብክነት አይወድም። ሙዚቃውን ድንገት ቀጥ አድርጎ «እዚህች ጋ ነበረች» ብሎ በጣት ያሳየናል።

የሥራውን ክብደት የማያውቅ ሰው መቀስ አንስቶ መቁረጥ ብቻ ይመስለዋል። አንድ አጭር የእንግሊዝኛ ስድብ በዘፈን ውስጥ ከ200 እስከ 400 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። በደቂቃ 90 ምት በሚሄድ ራፕ አንዱ ምት 667 ሚሊ ሰከንድ ነውና ስድቡ የግማሽ ምት ዕድሜ አለው። አርታኢው የድምፁን ሞገድ በኮምፒውተር አጉልቶ የቃሉን መነሻና መድረሻ ይፈልጋል፤ በሁለቱም ጫፍ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ድምፁ ቀስ ብሎ እንዲወርድና እንዲወጣ ያደርጋል። ይህን ከረሳ የተቆረጠበት ቦታ «ቀጭ» ይላል።

እስከዚህ ማንም ይሠራዋል። ጥበቡ ምን ያህል ይቆረጥ የሚለው ላይ ነው። ቃሉ ከነሥሩ ቢነቀል ምቱ ይሰበራል፣ ጨፋሪው እግሩ አየር ላይ ይቀራል። ስለዚህ የተከበረው ልማድ አናባቢውን ብቻ ፈልቅቆ ማውጣት ነው። መነሻው «ፍ» በክብር ይቀመጣል፤ መድረሻው «ክ» በክብር ይቀመጣል፤ በመካከላቸው ዝምታ። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ይህን ለማድነቅ የተሻለ ቦታ ላይ ናቸው፤ የዕብራይስጥ ጋዜጣ በአብዛኛው ያለ አናባቢ ነጥብ ይታተማል፣ ማንበብ ያቃተው ግን የለም።

ዝምታው ያልጣመው ጣቢያ ቢፕ ይጨምርበታል፤ 1,000 ኸርዝ የሆነ ቀጥ ያለ ፉጨት፣ ወይም የመኪና ጡሩምባ፣ ወይም የሸክላ ፍተጋ። እዚህ ላይ ሳይንስም ከጣቢያዎቹ ጎን ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሪቻርድ ዋረን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በቴፕ ከተቀዳ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አንዲት ድምፅ ቆርጠው አወጡና ቦታዋን በሳል ሞሉት። አድማጮቹ ቃሉን ሙሉ አድርገው ሰሙት፤ የጎደለችውን ድምፅ አእምሯቸው ከራሱ ኪስ አዋጥቶ ጨመረላቸው። በሳሉ ፋንታ ዝምታ ሲደረግ ግን ክፍተቱ ወዲያው ታወቃቸው። እንግዲህ በጩኸት የሚሸፍን ጣቢያ ስድቡን እዚያው በአድማጩ ጭንቅላት ውስጥ ያስጨርሳል ማለት ነው። ዘፋኙ አልተሳደበም፣ ጣቢያው አላስተላለፈም፤ የተሳደበው ሹፌሩ ነው።

የሙዚቃ ኩባንያው ስድቡን አውጥቶ ከሚያዘጋጀው ንጹሕ ቅጂ በፊት ዘፈኑ የደረሰው ችኩል አርታኢ ደግሞ የሂሳብ መንገድ አለው። የዘፋኝ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በቅንብሩ መሃል ስለሚቀመጥ፣ የቀኙን ድምፅ ከግራው ቢቀንሱት ይጠፋል። እውነትም ይጠፋል። ቤዙና ዋናው ከበሮም መሃል ተቀምጠው ነበርና አብረውት ይጠፋሉ። የማይጠፋው በግራና በቀኝ የተበተነው የድምፁ ማስተጋቢያ ነው። ሥጋው ተቀብሮ መንፈሱ ብቻውን እየዞረ ሲሳደብ መስማት የሚሰጠውን ደስታ የሰማ ያውቀዋል።

ቃሉን ወደ ኋላ ገልብጦ ማጫወትም አለ። ርዝመቱ ስለማይነካ ምቱ አይሰናከልም፤ ዘፋኙ ለግማሽ ምት ያህል ምድር ላይ የሌለ ቋንቋ ተናግሮ ወደ እንግሊዝኛው ይመለሳል።

የኩባንያውን ኢንስትሩሜንታል (ዘፋኝ የሌለበትን ቅጂ) ከሥር አስቀምጦ በስድቡ ቦታ እሱን ብቻ መክፈትም ይቻላል። ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ከተዛነፈ መጋጠሚያው ላይ ከበሮው ይንተባተባል፤ በልኩ ከገጠመ ግን አንድም ሰው የተቆረጠ ነገር እንዳለ አያውቅም። የማይታወቅ ሥራ ደግሞ ማን ያመሰግነዋል? በዚያ ላይ ዋናው ዘፋኝ ታፍኖ ሳለ ተቀባዩ ከኋላ ያንኑ ቃል ጥርት አድርጎ ሲደግመው የሚያስታውሰው የለም። ተቀባይን ማን ይቆጥራል።

ሕጉም ከመቀሱ አይተናነስም። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን በሬዲዮ ጸያፍ ንግግር የሚከለክለው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ልጆች ተኝተዋል፤ ስልካቸውም አብሯቸው ይተኛል። ጸያፍ የሚባለው ስለ ወሲብ ወይም ስለ መጸዳዳት አካላትና ድርጊቶች ነውር በሆነ መንገድ መናገር ነው። ጎረቤትን በጥይት ስለ መቆላት ይህ ትርጉም አንዲት ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ሰው መግደል ይቻላል፤ ገዳዩ ጠመንጃው ነክሶበት ተበሳጭቶ ቢሳደብ ግን ጣቢያው ዕዳ ውስጥ ገባ። ዕዳውም ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአንድ ጥፋት የሚከፈለው ከፍተኛ ቅጣት ከ32,500 ዶላር ወደ 325,000 ዶላር ከፍ ብሏል። በዚህ ዋጋ ጣቢያዎች ሕጉ ያልጠየቃቸውን የዕፅ ስም ሁሉ ቢቆርጡ አይፈረድባቸውም።

የዚህ ሁሉ ሥር ዘፈን እንኳ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1973፣ ከሰዓት በኋላ፣ የኒውዮርኩ ደብሊው.ቢ.ኤ.አይ. ጣቢያ የኮሜዲያኑን የጆርጅ ካርሊንን በሬዲዮ ስለማይባሉ ቃላት የሚቀልድ ቅጂ አሰማ። ከልጁ ጋር በመኪና ሲሄድ የሰማ አንድ አባት ለኮሚሽኑ ጻፈ። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1978 በ5 ለ4 ድምፅ ኮሚሽኑ ለጥቂት ረታ። ለአየር የማይበቁት ቃላት የት እንደተቀመጡ ግን ልብ ይሏል፦ ኮሚሽኑ ቀልዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በጽሑፍ ገልብጦት ነበር፤ ፍርድ ቤቱም ያንኑ ከውሳኔው ጋር አባሪ አድርጎታል። ቢፕ የለበትም። የሕግ ተማሪ ሁሉ ያነበዋል።

ታዲያ ታዛዥ ሆኖ የጠረገ ከቅጣት ይድናል ብላችሁ እንዳትሳሳቱ። በኮሎራዶ ስፕሪንግስ የሚገኝ አንድ ጣቢያ የራፐሩን የኤሚነምን ዘፈን ተጠርጎ የተዘጋጀውን ቅጂ፣ እዚህም እዚያም ድምፁ የጠፋበትንና የተሸፈነበትን፣ አሰማ። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ2001 የ7,000 ዶላር ቅጣት አቀረበበት፤ ተሸፍኖም ትርጉሙ ይገባል ነው ነገሩ። በጥር 2002 ደግሞ ቅጣቱን ራሱ ሻረው። በስምንት ወር ውስጥ ያው ዝምታ ጸያፍም ጨዋም ሆነ። እንዲህ ያለ ሁለገብ ዝምታ የሚያመርት አገር ሌላ የት ይገኛል?

በዚህ በኩል የኤፍ.ቢ.አይ.ን ትጋትም መርሳት ነውር ነው። ኪንግስመን የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1963 የቀዳው «ሉዊ ሉዊ» ግጥሙ ስለማይሰማ ብልግና ሳይኖርበት አይቀርም ተብሎ ተጠረጠረ። መርማሪዎቹ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት እያዞሩ አዳመጡና በየትኛውም ፍጥነት የሚገባ ነገር የለውም ሲሉ ደመደሙ። የከበሮ መቺው ስድብ ግን 54ኛው ሰከንድ አካባቢ ቁጭ ብሏል፤ ተራ ጆሮ ሊሰማው ይችላል። ያልተቆረጠ ስድብ እንዴት እንደሚደበቅ ከዚህ ይማሯል።

ከአትላንቲክ ማዶ ያለው ቢቢሲ ጥራቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ኪንክስ የተባለው ባንድ በመሸታ ቤት ያገኛት ሴት ወንድ ሳትሆን እንዳልቀረች የሚዘፍን ዘፈን ይዞ መጣ። ቢቢሲ ይህን ሰምቶ አልደነገጠም። የደነገጠው ግጥሙ ውስጥ ኮካ ኮላ በመባሉ ነው፤ ማስታወቂያ ክልክል ነዋ። ዘፋኙ ሬይ ዴቪስ የአሜሪካ ጉዞውን አቋርጦ ወደ ለንደን በረረ፣ ስሙን ወደ ቼሪ ኮላ ቀየረ፣ የእንግሊዝ ሥነ ምግባርም ከለስላሳ መጠጥ ዳነ።

እኛ በዚህ ሙያ ገና ነን። በደርግ ጊዜ የዘፈን ግጥም ለሳንሱር ይቀርብ ነበር፤ ገጣሚው ሰሙን ለመርማሪው፣ ወርቁን ለአድማጩ አድሎ፣ አንድ ፊደል ሳይቆረጥ ያልፋል። ቃሉ ሁሉ ይሰማል፣ ትርጉሙ ይደበቃል፤ ያልበሰለ ልጅም አይገባውም። የአሜሪካ ሬዲዮ ይህን አሮጌ ዘዴ ገልብጦ አሻሽሎታል፤ ቃሉ የለም፣ ትርጉሙ ግን ለሁሉ ይገባል። ሰም የሌለው ወርቅ። ጉባኤ ቃና እንኳ ሁለት ቤት ይፈልጋል፤ ለዚህኛው ግማሽ ምት ይበቃዋል።

የድካሙን ፍሬ ማየት የፈለገ ሜሪላንድ ውስጥ የሐበሻ ሠርግ ይግባ። ከባህላዊው ሆታ በኋላ ተራው የወጣቶቹ ይሆናል፤ ዲጄው ሽማግሌዎች ስላሉ ንጹሑን ቅጂ ይከፍታል። ክፍተቷ ስትደርስ አዳራሹ በአንድ አፍ ይሞላታል። ከሁሉ ቀድሞ፣ ምቱን ሳይስት የሚገባው ክራቫት ያሰረው የስምንት ዓመት ልጅ ነው።

«ምን አልክ አንተ?» ይሉታል አያቱ።

«ምንም እማማ። ዘፈኑ ባዶ ቦታ ነበረው።»