የቀዘቀዘ ክረምት ከጎርፍ አያድንም

ክረምቱ ከወትሮው ሲቀዘቅዝ ደሴ ላይ ጋቢውን የደረበ ሁሉ «ዘንድሮስ ነጎድጓዱ ቀነሰ፤ ከዶፉ ተገላገልን» ይላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ቤት ስለሚያፈርስ ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ነጎድጓድ የሚያዝል ደመና የሚያድገው ፀሐይ ምድሩን አሙቃው እርጥቡ አየር ሽቅብ ሲወጣ ነው። ረፋዱ ብራ ሆኖ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ የሚያጓራው ለዚህ ነው። ቀኑን ሙሉ ደመና ሸፍኖት ሲውል ያ ጉልበት አይጠራቀምም። አየሩ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝም ሊይዝ የሚችለው ተን በ7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ቀዝቃዛ ክረምት መብረቅ ቢያሳንስ አይገርምም።

ነገር ግን ጉዳዩ የምድሩ ሙቀት ብቻ አይደለም፤ ከታች ያለው አየር ከላይኛው ምን ያህል ይሞቃል የሚለውም ነው። ላይኛው አየር በጣም ከቀዘቀዘ ለጥቂት ሰዓት የወጣች ፀሐይ ደመናውን ለማስነሳት ትበቃለች። ያኔ በረዶ ይመጣል። በእኛ አካባቢ ሰማይ ላይ ውሃ በረዶ የሚሆነው ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ግድም ሲሆን ደሴ ራሷ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በረዶው እየሟሟ የሚወርድበት መንገድ ድሮም አጭር ነው፤ አየሩ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ ያጥራል። ከሐረጎ ቁልቁለት በታች፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ያለችው ኮምቦልቻ ዝናብ ብቻ ስታይ የደጋው የኩታበር ገበሬ ያበበ ባቄላው በበረዶ ሊረግፍበት ይችላል።

ሩቅ ያለ ቅዝቃዜም ያገኘናል። የፓስፊክ ውቅያኖስ በሚቀዘቅዝበት በላኒና ዘመን የሰሜንና የመሃል ደጋችን ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይበረታል። የ2007ቱ ክረምት ድርቅ የመጣው በተቃራኒው ውቅያኖሱ በሞቀበት በኤልኒኖ ነበር።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ መሬቱ ነው። ደመና በማይገፈፍበት ክረምት አፈሩ አይደርቅም። ካፊያው ቀን ከሌት የጦሳ ተራራን ተዳፋት ሲያጠግበው ይከርማል፤ ድምፅ ስለሌለው የሚፈራው የለም። ከዚያ በኋላ የሚጥል ዶፍ እጅግ ከባድ ባይሆንም መሬቱ አይጠጣውም። ደሴ ደግሞ የመሬት መንሸራተትን የምታውቅ ከተማ ናት። የዶፉ ቁጥር ስላነሰ ብቻ ተዳፋት ላይ ያለ ቤተሰብ እፎይ ሊል አይገባም።

ከደሴ የወረደው ውሃ በቦርከና ወንዝ አድርጎ ኮምቦልቻን ያቋርጣል፤ ወደ ጨፋ ሜዳም ይዘልቃል። ቆሻሻ የሞላው የደሴ ቦይ ለታችኛይቱ ከተማም ጣጣ ነው። የሜትሮሎጂ ትንበያ «ከመደበኛው የቀዘቀዘ» ሲል የሁለቱ ከተሞች አስተዳደሮች ሥራ ማቅለያ አድርገው ሊወስዱት አይገባም። ቦዮቹ ሰኔ ሳይገባ ይጠረጉ። በተዳፋቱ የተሰነጠቀ መሬት ያየ ነዋሪ ለማን እንደሚናገር ቀበሌው አስቀድሞ ያሳውቀው። ደሴ ላይ ዶፉ እንደጀመረ የሚደውል፣ ኮምቦልቻ ላይም ስልኩን አንስቶ የወንዝ ዳር ነዋሪውን የሚያስነሳ ሰው ይመደብ፤ ውሃው ያን ሁሉ ቁልቁለት እስኪወርድ ያለችው ጊዜ ልጆችንና አቅመ ደካሞችን ከወንዙ ዳር ለማውጣት ትዋል።