ፓና ማሪያና የካ አባዶ

ቴክሳስ ውስጥ፣ ከሳን አንቶኒዮ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ ፓና ማሪያ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር አለች። የቆረቆሯት ከላይኛው ሲሌዥያ የመጡ ፖላንዳውያን ገበሬዎች ናቸው። መንገዱን የከፈቱላቸው አባ ሊዮፖልድ ሞቺጌምባ የተባሉ ቄስ ነበሩ። ቀድመው አሜሪካ ገቡና ለቤተሰባቸው ደብዳቤ ጻፉ። ወንድሞቻቸው መጡ፤ የአገራቸው ልጆችም ተከተሉ። ከባሕር ዳርቻው በእግር ተጉዘው እ.ኤ.አ. በ1854 በገና ዋዜማ ደረሱ። ቤት የሚባል ነገር አልጠበቃቸውም። ያስቀደሱት ዛፍ ሥር ነው።

ኑሮው መራራ ሆነ። ድርቅም ገባ። ሰዉ በቄሱ ላይ ተነሳባቸው፤ እሳቸውም መንደሯን ጥለው ሄዱ፤ በ1891 ዲትሮይት ዐረፉ። እኔን የሚነካኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1974 አፅማቸው ወደ ፓና ማሪያ ተመልሶ እዚያው ዛፍ ሥር አረፈ። ይህ የሆነው ነዋሪዋ መቶ እንኳ በማይሞላ መንደር ነው።

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ እኅቴ ቤት ስከርም፣ ይህ ታሪክ ከሐሳቤ አልወጣም። እዚህ ዕጣ የወጣለት ሁሉ ከየሰፈሩ ተነቅሎ መጥቷል። አንዱ ከአራት ኪሎ፣ አንዱ ከመርካቶ። መጀመሪያ ላይ ውኃው ሲጠፋ፣ ታክሲው ሲርቅ፣ ብዙዎቹ እንደነዚያ ገበሬዎች አማርረዋል። ቦታው ደግሞ ባዶ አልነበረም፤ የእርሻ መሬት ነበር። ያረሱትን ሰዎች ስም የሚነግረኝ ልጅ ግን ግቢው ውስጥ አጣሁ። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ውጭ ያሉ ጓደኞቼ «የእኛ ሰው ታሪኩን አይጽፍም» ይላሉ። አልስማማም። የብሎኩ ዕድር መዝገብ አለው። ድንኳኑ በማን መዋጮ እንደተገዛ፣ ማን መቼ አባል እንደሆነ፣ ለማን ለቅሶ ስንት እንደወጣ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። ፓና ማሪያን ያቆየቻት ቤተክርስቲያኗ ከሆነች፣ እዚህ ያንን ሥራ የሚሠራው ዕድሩ ነው። የጎደለው ትንሽ ነው፤ አባሉ ከየት ሰፈር እንደመጣ የሚያሳይ አንድ ዓምድ።

ይህንኑ ለዕድሩ ጸሐፊ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። እዚህ ያርሱ የነበሩትን ገበሬዎች ነገር ሳነሳባቸው ደግሞ ከቤተሰቦቻቸው አንዳንዶቹ አሁንም አቅራቢያው እንዳሉ ነገሩኝ። ስማቸው ከነዋሪዎቹ ስም በፊት፣ በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንዲጻፍ ለምኛቸዋለሁ። ለቀጣዩ የዕድር ስብሰባ ያቀርቡታል።