ሮቦት እኛ ጋ አይሠራም ያለው ማነው?
ብቸኛ አረጋውያንን ስለሚያጫውቱ ሮቦቶች በተጻፈው ጽሑፍ ላይ፣ «ጎረቤት ቡና በሚጠራራበት አገር ሮቦት ወዳጅ አያገኝም» የሚለው አባባል አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው ደሴን መቼ እንዳየ እንጃ። እኛ ሰፈር ሆጤ፣ ልጆቻቸው ዓረብ አገር የቀሩባቸው እናቶች ሞልተዋል። አንዷ አክስቴ ናት። ጀበናዋን ትጥዳለች፣ ረከቦቱ ላይ ስኒዎቹን ሁሉ ትደረድራለች፣ ጠጪ ግን የለም። ማታ ዜና አንባቢዋ «እንደምን አመሻችሁ» ስትል፣ «አልሐምዱሊላህ፣ አንቺስ እንደምን አመሸሽ ልጄ?» ብላ ትመልሳለች። ስትቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ የምሯን ነው። እንግዲህ መልሶ የሚያናግራት፣ በስሟ የሚጠራት ዕቃ ቢመጣላት ምን ልትሆን ነው? ከላይ በአስተያየትህ «ከፕላስቲክ ጋር የሚዛመድ ጅል ብቻ ነው» ያልከው ወንድሜ ደግሞ፣ ሶኒ አይቦ የሚባለውን ሮቦት ውሻ መጠገን ሲያቆም፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የቡድሃ መነኩሴ የተበላሹትን ውሾች እንደ ሟች ጸሎት አድርሶ እንደሸኛቸው ታውቃለህ? ፓሮ የሚባለው ሮቦትማ ጭራሽ አያወራም። ፀጉራም የባሕር እንስሳ አስመስለው ነው የሠሩት፤ ሲደባብሱት ዓይኑን ያርገበግባል፣ ድምፅ ያሰማል፣ በቃ። የመርሳት ችግር ያለባቸው አረጋውያን ግን እንደ ሕፃን ያቅፉታል። አሜሪካ በ2009 እ.ኤ.አ. የሕክምና መሣሪያ ብላ ፈቅዳለታለች። እና አክስቴ የሚያወራውን ሮቦት ትላመደዋለች፣ እሱ ላይ ጥርጥር የለኝም። (አማርኛ ከቻለ ነው፣ ያውም የወሎን!) እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። ጅዳ ያለችው ልጇ ሮቦቱን ገዝታ ከላከች በኋላ ዓርብ ዓርብ መደወሏን ትቀጥላለች? ልጅቷን አውቃታለሁ፣ ትተወዋለች።