የፖሊስ ካሜራ፦ ግዴታውና በጀቱ በአንድ ሕግ ይታሰሩ

ፖሊሶች ደረታቸው ላይ ካሜራ ይኑራቸው የሚል ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ሕግ አውጪዎች ከሁለት ቀላል መንገዶች አንዱን ይመርጣሉ። ወይ ግዴታውን ደንግገው ገንዘቡን ይረሳሉ፣ ወይ ካሜራ ገዝተው ያድሉና አጠቃቀሙን ለፖሊሶቹ ፈቃድ ይተዋሉ። ሁለቱም ተሞክረዋል፤ ሁለቱም ዜጋውን አልጠቀሙም።

የመጀመሪያውን ስህተት በአሜሪካ ሳውዝ ካሮላይና ማየት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ዋልተር ስኮት የተባለ ያልታጠቀ ሰው ሲሸሽ ከጀርባው በፖሊስ ተተኩሶበት ከሞተ በኋላ፣ ግዛቷ ካሜራን በሕግ ግዴታ በማድረግ ከሀገሪቱ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሕጉ ግን ሙሉ ገንዘብ ያልደረሰው የፖሊስ ተቋም አይገደድም ይላል። በጀቱ ከሚያስፈልገው እጅግ ስላነሰ ግዴታው ለብዙዎቹ ከወረቀት አላለፈም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ32 ግዛቶች ለሚገኙ 73 ተቋማት ከ23 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጠ፤ ቀረጻውን ለረጅም ጊዜ የማከማቸቱን ወጪ ግን ተቀባዮቹ ራሳቸው እንዲሸፍኑ አደረገ። ከባዱ ወጪ ደግሞ ያለው እዚያው ላይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። መካከለኛ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰዓት 2 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። አንድ ፖሊስ በፈረቃው 3 ሰዓት ቢቀርጽና በወር 20 ቀን ቢሠራ 120 ጊጋባይት ይሆናል፤ 100 ፖሊሶች ያሉት ጣቢያ በወር 12፣ በዓመት 144 ቴራባይት (አንድ ቴራባይት 1,000 ጊጋባይት ነው) ይሰበስባል። ሰው የሞተበት ቀረጻ ይግባኙ እስኪያልቅ ለዓመታት መቀመጥ አለበት። ባትሪ ያረጃል፣ ከጊዜ በኋላም ሙሉ ፈረቃ አይዘልቅም፤ ስለዚህ መተኪያው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በበጀት መያዝ አለበት። ቀረጻ ለሕዝብ ከመለቀቁ በፊት ደግሞ የሕፃናትና የተበዳዮች ፊት፣ የመኪና ታርጋና የቤት አድራሻ ይሸፈናል። የአንድ ሰዓት ቪዲዮ ለዚህ ሥራ ብቻ በርካታ ሰዓት ይፈልጋል። ይህን የሚሠራ ሰው ያልቀጠረ ተቋም፣ የመደበቅ ሐሳብ ባይኖረው እንኳ ጠያቂዎችን «እየተዘጋጀ ነው» እያለ ወራት ያስቆጥራቸዋል።

ሁለተኛው ስህተት ማብሪያውን ለፖሊሱ ፈቃድ መተው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካዋ ሚኒያፖሊስ ከተማ አንዲት ሴት ወንጀል እየተፈጸመ ነው ብላ ጠርጥራ ፖሊስ ጠርታ፣ ከመጡት ሁለት ፖሊሶች በአንዱ ተገደለች። ሁለቱም ፖሊሶች ካሜራ ነበራቸው፤ ተኩሱ እስኪፈጸም ግን ሁለቱም አላበሩትም። በዚያው ዓመት በሌላዋ የአሜሪካ ከተማ በባልቲሞር አንድ ፖሊስ ዕፅ ያለበትን ከረጢት ቆሻሻ መሃል ካስቀመጠ በኋላ ካሜራውን አብርቶ ያኔ ያገኘው አስመሰለ። ያጋለጠው መሣሪያው ራሱ ነው። ካሜራው በተጠባባቂነት ሳለም ያለማቋረጥ ይቀርጻል፤ ቁልፉ ሲጫን ደግሞ ከዚያ በፊት የነበሩትን 30 ሰከንዶች ያለ ድምፅ ያስቀራል። ፖሊሱ በኋላ በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተባለ። 30 ሰከንድ ግን በጣም አጭር ነው፤ ሁለት ደቂቃ መያዝ የሚችል ካሜራ እያለ በዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። ሽጉጥ ከሰገባው ሲወጣ ወይም የመኪናው የአደጋ መብራት ሲበራ ካሜራውን በራሱ የሚያስነሳ መሣሪያም አለ፤ የግዢ ውሉ ውስጥ ይግባ።

የካሜራ ተቃዋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነውን የዋሽንግተን ዲሲ ጥናት ይጠቅሳሉ። ከ2,000 በላይ ፖሊሶችን ያካተተው ይህ ጥናት ካሜራ ባላቸውና በሌላቸው መካከል ጉልህ የባሕርይ ልዩነት አላገኘም። ጥናቱ ጠንካራ ነው፤ ውጤቱንም መቀበል ይገባል። ይሁንና ከዚያ ጥናት አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተመራ ሥራ፣ ፖሊሶች ደንቡን ጠብቀው ሲቀርጹ የኃይል አጠቃቀም 37 በመቶ መቀነሱን፣ እንደፈለጉ ሲያበሩና ሲያጠፉ ግን 71 በመቶ መጨመሩን አሳይቷል። ለሕግ አውጪ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ባሕርይ ባይለወጥ እንኳ ማስረጃው ይቀራል፤ ማስረጃው የሚቀረው ግን ካሜራው በርቶ ከነበረ ብቻ ነው።

ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ግዛት ሕግ ጥሩ አብነት ነው። ማብራት ሲገባው ያላበራ ወይም ቀረጻውን የነካካ ፖሊስ፣ የጎደለው ምስል በደሉን ያሳይ ነበር የሚል ግምት ይወሰድበታል። የበደል አቤቱታ ከቀረበ በመርህ ደረጃ ቀረጻው በ21 ቀን ውስጥ መለቀቅ አለበት። ቅጣትና ቀነ ገደብ የሌለው ደንብ ለታይታ ነው።

የካሜራውን ድክመት መደበቅም አያስፈልግም። ፖሊሱ በሁለት እጁ ሽጉጥ ሲያነጣጥር ክንዱ ሌንሱን ይጋርዳል። ሲታገል የሚታየው ጨርቅ ብቻ ነው። ሰፊ ሌንስ ደግሞ ቅርብ ያለውን ሰው ሩቅ ያስመስላል። ስለዚህ ኃይል የተጠቀመ ፖሊስ ቪዲዮውን ከማየቱ በፊት ያስታወሰውን መጻፍ አለበት፤ አለዚያ ቃሉ ምስሉ ያላሳየውን ክፍተት ለመሙላት ተለክቶ የተሰፋ ይሆናል። ፋይሉን ማን ከፈተው፣ መቼ፣ ማንስ ቀዳው የሚለውም በራስ ሰር ይመዝገብ፤ የመሰረዝ ሥልጣን ካሜራውን በለበሰው ክፍል እጅ አይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ አንድ ወጪ ደግሞ አለ። አራት ፖሊሶች የተገኙበት የአንድ ሰዓት ክስተት አራት ሰዓት ቀረጻ ነው፤ ዐቃቤ ሕጉም ተከላካይ ጠበቃውም ሊያዩት ይገባል። ገንዘቡ በሙሉ ለፖሊስ ተመድቦ ለእነዚህ ሁለት ቢሮዎች ሠራተኛ ካልተጨመረ፣ ድሃው ተከሳሽ ነፃ የሚያወጣውን ምስል ማንም ሳያይለት ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ይፈርማል።